የመምህርት እንኳየሁ የዓርብ ተራ

መምህርት እንኳየሁ ወልደኢየሱስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደኢየሱስ አድማሱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይመኙሽ ታረቀኝ ጥር 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ዕለት በዳባት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የዜማ መምህር ስለነበሩ ቤታቸው ተማሪ ተለይቶት አያውቅም ነበር። መሪጌታ መጻሕፍታቸውን በየቆዳ ማኅደራቸው እየከተቱ ከግድግዳው ችካል ላይ ይሰቅሉ ነበር፤ አንብቦ መሬት ላይ የተወ ተማሪ ካለም "መጽሐፍ ያለ ማኅደሩ አይደር" እያሉ ይገሥጹት ነበር። መምህርት እንኳየሁ ይህችን ቃል ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት አወቋት፤ ዕድሜያቸውንም ሲሠሩባት ኖሩ።

ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀችው የመጀመሪያ ልጃቸው ወንጌላዊት ክንዱ ናት። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በበኩላቸው ሌላ የሕይወት ታሪክ ከነፎቶግራፉ በኮምፒውተር አሰናድተው፣ በፕሮጀክተር እናሳይ ብለው መጥተው ነበር። ቤተሰቡ አመስግኖ መልሷቸዋል። እናታችንን ዕድሜያችንን ሙሉ ስንካፈል ኖረናል፤ ታሪካቸውን እንኳ እኛው እንጻፍ ብለናል።

መምህርት እንኳየሁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳባት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ደግሞ ጎንደር ከተማ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው አጠናቀቁ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሠልጥነው በ1972 ዓ.ም. ከተመረቁ በኋላ በወገራና በደባርቅ ገጠሮች አስተምረዋል። በ1978 ዓ.ም. ከአቶ ክንዱ ተክለ ጊዮርጊስ ጋር በተክሊል ጋብቻ ፈጽመው በ1981 ዓ.ም. ወንጌላዊትን፣ በ1984 ዓ.ም. መዝሙርን ወልደዋል። አቶ ክንዱ በጭነት ማኪና ከማክሰኝት ጎንደር እህል ያመላልሱ ስለነበር ልጆቹ አባታቸውን በሳምንት ጥቂት ቀን ነበር የሚያዩት። እናታቸው ግን ሁልጊዜ አጠገባቸው ነበሩ፤ እጃቸው ላይ ያለው የሰው ልጅ ደብተር ብቻ ነው የሚለያያቸው።

በ1985 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ከተማ ተዛወሩ። በክረምት ትምህርት ዲፕሎማቸውን፣ ቆይቶም ዲግሪያቸውን ይዘው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህርት ሆኑ። በዚያ ትምህርት ቤት ከማክሰኝት፣ ከጠዳና ከወገራ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ነበሩ። ቅዳሜ አገራቸው ገብተው እሑድ ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ያላቸው አንድ ቦርሳ ስለሆነ ሽሮውም፣ በርበሬውም፣ የኑግ ዘይቱም፣ ደብተሩም እዚያው ነው። ሰኞ ጠዋት የቤት ሥራ ሲሰበሰብ ክፍሉ ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይሸት ነበር። አንድ ዓመት የአንዲት ልጅ የመፈተኛ ካርድ ዘይት ጠጥቶ ፎቶግራፏ አልታይ አለና ልጅቷ ፈተና ሳትገባ ቀረች። መምህርት እንኳየሁ ያን ዕለት ማልቀሳቸውን የሥራ ባልደረቦቻቸው ዛሬም ያስታውሱታል።

"የዓርብ ተራ" የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተራ የደረሳቸው ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ቦርሳቸውን ዴስክ ላይ ይዘረግፋሉ፤ መምህርት እንኳየሁ አጠገባቸው ቁጭ ብለው አብረው ይደረድራሉ። ስንቅ ለብቻ በጨርቅ ከረጢት፣ ደብተር ለየትምህርቱ በየቀለሙ ተለብዶ፣ የሰኞው ከፊት። እየደረደሩም ልጁን ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቱ፣ ማታ ስለሚበላው ነገር ይጠይቁታል። ዝምተኛ የነበረ ልጅ በዓርብ ተራው ያወራል። ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው ሁሉ ቦርሳው ከተረሳው እንኳ ያን ጭውውት አይረሳውም ይባላል።

ልጃቸው ወንጌላዊት ይህን ከሰው የሰማችው አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የተመደበችው እናቷ ክፍል ነው። ለልጇ አደላች እንዳይባሉ መምህርት እንኳየሁ ልጃቸውን የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጧት። እንደ ማንኛውም ተማሪ "ቲቸር" ብላ እንድትጠራቸው አዘዙ፤ እሷም ጠራቻቸው። የዓርቡ ተራ ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ ይመጣል፤ እሷ ዘንድ ሊደርስ አንድ ወንበር ሲቀረው ወሰነ ትምህርቱ ያልቅና በአዲሱ ደግሞ ከፊት ይጀመራል። አንድ ቀን እቤት ምነው የእኔን ዘለልሽ ብትላቸው፣ "አንቺ የቤት ነሽ፤ ይደርስሻል" አሏት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለውን ወንጌላዊት የተማረችው ከአማርኛ መምህሯ ሳይሆን ከዚች መልስ ነው።

ከፊት ወንበር ይርገዱ የምትባል የማክሰኝት ልጅ ነበረች። ደብተሯ ሁሉ ሽሮ የለበሰ፣ አንደበቷ የተቆለፈ። መምህርት እንኳየሁ ሦስት ዓርብ በተከታታይ ተራ ሰጧት፤ የጨርቅ ከረጢቷንም በእጃቸው ሰፉላት። ጨርቁ ከወንጌላዊት የድሮ ቀሚስ የተቆረጠ ነበር። ቀሚሱ ጠቧት የተጣለ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ሰማያዊ አበባውን በሰው ልጅ ትከሻ ላይ ባየችው ቁጥር አንጀቷ ያርር ነበር። ቅናት አይደለም እንዳይባል፣ ቅናት ነው።

በዚያው ዓመት ፕላዝማ የሚባለው ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ገባ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይመጣል፤ መምህሩ የሚቀረው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ማሽኑ የብረት ሳጥን ውስጥ ስለሚቆለፍ መምህራኑ ራሳቸውን "ቁልፍ ያዥ" እያሉ ይቀልዱ ነበር። መምህርት እንኳየሁ አልቀለዱም። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ፈጣን ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ልብ እንዴት እንደሚመታ በቀለም እያንቀሳቀሰች ታሳያለች። ልጆቹ ግማሹን ባይሰሙም አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል። መምህርት እንኳየሁ በሩ ጎን ቆመው ልጆቹን ያያሉ። ወንጌላዊት ደግሞ ከኋላ ወንበር እናቷን ታያለች፤ ያን ፊት ከመስታወት ታውቀዋለች።

አንድ ቀን ስለ ልብ እየተማሩ መብራት ጠፋ። መምህርት እንኳየሁ ፈካ ብለው ጠመኔ አንሥተው ሴትዮዋ ያቋረጠችውን ልብ ሰሌዳ ላይ መሳል ጀመሩ። ግማሽ ሳይደርሱ ከመካከል አንዱ ልጅ በትሕትና፣ ቲቸር መብራቱ እስኪመጣ ብንጠብቅስ አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ። ጠመኔውን አስቀመጡት። ያን ማታ እራት አልቀመሱም፤ ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ "እኔን እያዩ እሷን ይጠብቃሉ" አሉ። ወንጌላዊት "እኔስ?" ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አላለችም። ይሁን እንጂ ያን ማታ እናቷን ከመቼውም ይልቅ እንደቀረበቻቸው አይረሳትም፤ ሁለቱም በአንድ በሽታ የታመሙት ያኔ ነው።

መምህርት እንኳየሁ ግን በቅናት ተቀምጠው የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። ሰንበት ዳባት ሄደው ከአባታቸው ጋር ተማከሩ። መሪጌታም የአብነት ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ለጓደኛው እያስደገመ እንደሚያስቀጽል፣ አንዱ የሳተውን ሌላው እንደሚይዝለት አስታወሷቸው። ሰኞ ተመልሰው በየወንበሩ የተቀመጡትን ሦስት ሦስት ልጆች ሥራ አከፋፈሉ፤ አንዱ ሥዕሉን ብቻ ይሥላል፣ አንዱ ቃላቱን ብቻ ይጽፋል፣ ሦስተኛው እጁን አጣጥፎ ብቻ ያዳምጣል። ፕላዝማው ሲያበቃ በቀሩት ደቂቃዎች ሦስቱ ያላቸውን አዋጥተው አንድ ትምህርት ያደርጉታል፤ መምህርት እንኳየሁ የጎደለውን ይሞላሉ። በሳምንት ሥራቸውን ይቀያየራሉ። ሴትዮዋ አሁንም ፈጣን ናት፤ ልጆቹ ግን ሦስት ሆነው ይይዟታል። ሌሎች መምህራንም ይህን ወሰዱት። በ1998 ዓ.ም. በአሥረኛ ክፍል ፈተና ክፍሉ ያመጣው ውጤት ትምህርት ቤቱን አስደስቷል። ከሁሉ የበለጠችው ይርገዱ ነበረች፤ ወንጌላዊትም ደኅና አምጥታለች።

ወንጌላዊት በፋርማሲ ሙያ ሠልጥና በአዘዞ ሥራ ያዘች፤ አግብታም አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ቤተሰቡም ጠዳ ላይ ቤት ሠርቶ ገባ። ይርገዱ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቃ ጠዳ አስተማሪ ሆነች። መምህርት እንኳየሁ ዘመናዊ ስልክ በገዙ ጊዜ አጠቃቀሙን ያሳየቻቸው እሷ ናት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይባላል፤ እዚህ ቤት ያስተማረችው እንኳ ልጅቱ አልሆነችም። በቴሌግራም የተማሪዎች ግሩፕ ተከፈተ፤ መምህርት እንኳየሁ እሑድ ማታ ለሰኞ የሚያዘውን ዕቃ ሁሉ ያስታውሱበታል። ወንጌላዊትንም አስገቧት። በመሆኑም የእናቷን መልእክት ለብዙ ዓመት የተቀበለችው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ላይ ነው፤ "ልጆች፣ ነገ ማስመሪያ እንዳትረሱ" ይላል። ፋርማሲ ውስጥ ማስመሪያ ምን ያደርግላታል።

መምህርት እንኳየሁ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ በጉበት ሕመም ታመው በጎንደር ሆስፒታል ተኝተው ሲረዱ ቆይተዋል። ተማሪዎቻቸው በብዛት ይጎርፉ ስለነበር ይርገዱ በግሩፑ ላይ የጠያቂ ተራ አወጣች። ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም፤ ማን ሾርባ ያመጣል፣ ማን ያድራል፣ ማን መቼ ይገባል፣ ሁሉም ተደልድሏል። ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸውና ማን ይወቀሳል። አንድ ቀን ወንጌላዊት ከሥራ በቀጥታ ስትመጣ አንድ ማክሰኝቴ ጎረምሳ በሩ ላይ ቆሞ በአክብሮት፣ እህቴ ተራሽ መቼ ነው ብሎ ጠየቃት። ዓይኗ ደም ለበሰ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ይህን ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። የካቲት 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት መምህርት እንኳየሁ ይርገዱን ጠርተው፣ "ዛሬ ማንም እንዳይገባ፤ የልጄ ተራ ነው" አሏት። ይርገዱም በሩን ዘግታ ወጥታ፣ ደጅ ላይ ቆማ ሰው ስትመልስ ዋለች። ይህን ውለታዋን ቤተሰቡ ይመሰክርላታል።

ከዚያ ልጃቸውን፣ "ቦርሳሽን አምጪው" አሏት። የያዘችውን ቦርሳ ብርድ ልብሱ ላይ ዘረገፉት። ክዳን የሌለው እስክሪብቶ፣ የቤት ቁልፍ፣ የልጇ አንድ እግር ካልሲ፣ የተጨማደደ ደረሰኝ፣ ግማሽ ብስኩት ወጣ። "ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው?" አሉ። ሕመሙ አድክሟቸው ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። እየደረደሩ ስለ ልጇ ጠየቋት፤ ስለ ባሏ፣ ማታ ስለምትበላው ነገር ጠየቋት። እሷም አወራች። ሲጨርሱ ዚፑን ዘግተው፣ "ዘገየሁብሽ፤ ግን ሸጋ አድርጌዋለሁ" አሉና ተኙ።

መምህርት እንኳየሁ እሑድ የካቲት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ክንዱ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ልጆቻቸው ወንጌላዊት ክንዱና መዝሙር ክንዱ፣ አንዲት የልጅ ልጅ እንዲሁም እጅግ ብዙ ተማሪዎች በሕይወት አሏቸው። ተማሪዎቹ "ልጆቻቸው" ተብለው እንዲጻፉ ጠይቀው ቤተሰቡ መክሮበታል። "ተማሪዎች" ተብለው ተጽፈዋል። ይርገዱ ግን ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ትቆማለች፤ ቦታዋ ከወንጌላዊት ኋላ ነው።

የእያንዳንዳችንን ቦታ የሚያውቅ አምላክ ለነፍሳቸው በቅዱሳኑ መካከል ማረፊያ ያዘጋጅላቸው፤ ለባለቤታቸውም፣ ለልጆቻቸውም፣ ላስተማሯቸውም ሁሉ መጽናናቱን ይስጥ።

እማዬ፣ ቦርሳው እንደደረደርሽው ነው። ካልሲውን እንኳ አላወጣሁትም፤ ልጄ በባዶ እግሯ እያለቀሰች ሌላ ገዛሁላት።