በቀኝ በኩል ያሉት ነጠብጣቦች

አባዬ፣ እንዴት ከረሙ ማለት ለምጄ፣ መልስ እንደሌለው እያወቅሁ ዛሬም ጠየቅኩዎት።

ከተለዩን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዘንድሮ ሰቆጣ ዝናቡ ደህና ነበር። እማዬም ደህና ናት፤ ዓይኗ ብቻ ደከም ብሏል። እኔ ግን ጭንቀት ይዞኛል፤ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲያነቡበት የኖሩት የአትሮንሱ ልብስ፣ ያ ቀይ አበባ የታተመበት የጥንት ቺት፣ ሲነኩት መበጣጠስ ጀመረ። ቄሰ ገበዙ አሮጌው ዕቃ ቤት ይቀመጥ፣ አንቺ አምሳያውን ሥሪልን አሉኝ። እንጨት ቀርጾ ጨርቅ ላይ ማተም ባሕር ዳር ተምሬ መጥቻለሁና እምቢ ማለት አልቻልኩም። እማዬ በዚያ በደከመ ዓይኗ ፈተለች፤ ሸማኔ አዲሱን ጨርቅ ሠራው። ለኅዳር ሚካኤል መድረስ አለበት። ጨርቁ አንድ ብቻ ነው፤ ቀለሙም አንዴ ካረፈበት አይለቅም።

አበባውን ቅጠል በቅጠል ቀረጽኩ። አሮጌው ልብስ በቀኝ በኩል ብቻ የተበተኑ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ነበሩት። የጥንቱ ባለሙያ እንዴት ቢራቀቅ ነው እያልኩ እነሱንም አንድ በአንድ ቀረጽኳቸው። ቀለም እየበጠበጥኩ ሳለ እማዬ አሮጌውን ፀሐይ ላይ አየችው። አንዱን ነጠብጣብ በጥፍሯ ነካ ብታደርገው ተላቀቀ። ለካ ሰም ነው! መጀመሪያ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ሳቀችብኝ፤ ቀጥላ አለቀሰች። እርስዎ ግራኝ ነበሩና ጧፉን በቀኝ ይዘው ገጹን በግራ ይገልጡ ነበር። ዲያቆናቱን ጧፍ አታዘንብሉ እያሉ ሲቆጡ ኖረው፣ ጠብታው ሁሉ የእርስዎ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ቅርጹን ከአሮጌው ጋር ደጋግሜ አስተያያለሁ። ሌላስ ምን ተሳስቼ ይሆን? አሮጌው ሲያልቅ ማመሳከሪያ የለም፤ የልጅ ልጆች የእኔን ስህተት የጥንት ጥበብ ብለው ይቀበሉታል። ነጠብጣቦቹን ከእንጨቱ ላይ ልፍቅ ስል ደግሞ እርስዎን የምፍቅ መሰለኝና ቀናት አመነታሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ፍቄ ጨረስኩ። አበባው ብቻ ቀርቷል። ነገ አትማለሁ፤ ከላይ ሆነው ይጸልዩልኝ።

አሮጌው ላይ የቀሩትን ጠብታዎች ማንም እንዳይነካቸው ቄሰ ገበዙን ለምኛለሁ። በየዓመቱ ለሚካኤል አስወጥቼ አያቸዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አልረሳዎትም። በእርስዎ ቦታ የሚቆመው አዲሱ አንባቢ እጁ ገና አልጸናም። እማዬ፣ ጧፉን እንዲጠነቀቅ ንገሪው ትለኛለች።

አልነግረውም። ያንጠብጥበት።

ልጅዎ