ያልፈረምኩት ወረቀት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰባት ዓመት ሙሉ ዘግቼህ ኖሬ ዛሬ ስጽፍልህ ብትገረም አልፈርድብህም። ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኛል፤ ሁለት መስመር እጽፍና ብድግ ብዬ መስኮቱ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። በዋስ ወጥቻለሁ፣ ከከተማው ግን አትውጣ ተብያለሁ።

የሚስቴን አክስት ልጠይቅ ጎረቤት ክልል መጥቼ ሆቴል አርፌ ነበር። ጠዋት አንዲት እናት ኮሪደሩ ላይ ትጮኻለች፤ በሩ ተዘግቶባት ሕፃን ልጇ ውስጥ ቀርቷል። ሥራ አስኪያጁ ትርፍ ቁልፍ ላምጣ ብሎ የውሃ ሽታ ሆነ። አንተ እንዳስለመድከኝ የመክፈቻ ሽቦዎቼ ከጥርስ ብሩሼ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። አላስችል አለኝና ከፈትኩት፤ ደቂቃም አልፈጀብኝም። ሥራ አስኪያጁ ተመልሶ ሽቦዎቹን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፣ ፖሊስ ጠራ። እኔ ሞኙ የቁልፍ ሥራ ፈቃዴን ኮራ ብዬ አወጣሁ።

"ይሄ እኮ የናንተ ክልል ፈቃድ ነው፣ እዚህ አይሠራም" አለኝ ጣቢያ ስንደርስ መርማሪው። ክሱ "ያለ ፈቃድ የቁልፍ መስበሪያ መሣሪያ መያዝ" ይላል። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ምን አደከመህ? አምኛለሁ ብለህ ፈርም። ቅጣቷ ትንሽ ናት፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ" አለኝ።

ብዕሩን አነሣሁ፣ ጋሼ። ቤቴ፣ ልጆቼ፣ ሱቄ ዓይኔ ላይ ሄዱ። ልፈርም ስል አንተ ትዝ አልከኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፈርመህ አይደል ፈቃድህን የተነጠቅከው? እኔ ደግሞ "ንጹሕ ሰው ምን ቆርጦት ይፈርማል?" ብዬ ሱቅህን ተረከብኩ፣ ስምህን ከበሩ ላይ አስፋቅሁ፣ የችሎትህ ቀን እንኳ ብቅ አላልኩም። ንጹሕ ሰውም እንደሚፈርም እዚያ መርማሪው ፊት ገባኝ፤ አፈርኩ። ብዕሩን አስቀመጥኩት።

የቆመችልኝ ጠበቃ "ጎበዝ! ፈርመህ ቢሆን ሞያህን ደህና ሁን ትለው ነበር" አለችኝ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው እንዲመሰክርልኝ ፈልጋ ነበር፤ ያንተን ታሪክ ስነግራት ግን ራሷን ነቀነቀች። "የተፈረደበት ሰውማ አይጠቅምህም።"

ችሎቱ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በጣም ፈርቻለሁ። ምስክር ሁነኝ አልልህም። ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ብቻ ተቀመጥልኝ። ዳኛው ሞያዬን ሲጠይቁኝ ዞር ብዬ አንተን እያየሁ "ቁልፍ ቀራጭ ነኝ፤ ያስተማረኝም እሱ ነው" ልበል። እኔ አልመጣሁልህም ነበር፣ ጋሼ፤ አንተ ግን ናልኝ።

ታናሽህ