ከቅጥሩ የማትወጣው ቢራቢሮ

ውድ ሥርጉት፣

ዳንግላ ከአክስትሽ ሱቅ ደብተርና እስክርቢቶ ትሸጫለሽ አሉኝ። አልሳቅሁም ብልሽ ውሸት ነው።

እኔ ከደህናም በላይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የጣናን ዳር በሩጫ ነው የምጨርሰው፤ እግሬ አልቀመጥ ብሎኛል።

የምጽፍልሽ ስለ ቢራቢሮዎቹ ነው። ተማሪ ሳለን ዘጌ ላይ ሁላችን አንድ ዓይነት ናቸው ስንል አንቺ ብቻ «ሁለት ናቸው» አልሽ። የቡናው ጫካ ውስጥ የምትበረው ክንፏ ሥር አራት ነጭ ነጥብ አላት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የማትወጣው ግን አምስት፤ አምስተኛዋ ጠርዙ ላይ፣ ከጤፍ ያነሰች። ቅጠል ላይ ስታርፍ አሳየሽኝ። ብቻ አባትሽ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ «ከቅጥሩ ውስጥ ነፍስ አይጠፋም፤ የወደቀ ካገኛችሁ ውሰዱ» ብለው ነበር። አንቺም የአባትሽ ልጅ ነሽና ሞተው የወደቁትን ብቻ ለቀምሽ፤ የክንፋቸው ጠርዝ የተበላ፣ ዱቄቱ የረገፈ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ያቀረብሽ ዕለት ፈታኙ አንዷን በመቆንጠጫ አነሡና «ልጄ፣ ይኼ ነጥብ ነው ወይስ ቀዳዳ?» አሉሽ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወደ እኔ ዞርሽ።

«እሱ አብሮኝ ነበር፤ ደህናዋን አይቷል። ንገራቸው እንጂ አንተ!»

«እኔ አላየሁም» አልሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ሰባት ነበሩ። አባትሽ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ከቅጥሩ ገብቼ በመረብ የያዝኋቸው፤ አምስተኛዋ ነጥብ ቁልጭ ያለች። ለአንድ የምርምር ረዳትነት ቦታ እኮ እኔና አንቺ ነበርን የቀረነው። ስታለቅሺ ለምሳ ምን እንደምበላ ነበር የማስበው።

ቦታውን አገኘሁ። አሁን ደግሞ ግኝቱን በስሜ ላወጣው ነው። የጎደለኝ ማስታወሻ ደብተርሽ ነው፤ የትኛዋ፣ የት፣ መቼ እንደታየች የሁለት ዓመት ጽሑፍ። እስከ ዓርብ በሚኒባስ ላኪልኝ። ስምሽን ምስጋናው ላይ አስገባዋለሁ፤ ከጀልባ ነጂው ቀጥሎ።

ካልላክሽ ከሰባቱ ሁለቱን ይዤ ዘጌ እሻገራለሁ። «መሪጌታ፣ ቅጥር ገብታ የገደለቻቸው ልጅዎ ናት፤ መደበቅ ከበደኝ» እላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የአባትሽን ደጅ መርገጥሽን እንጃ።

ይህን ደብዳቤ አሳያለሁ ብለሽ እንዳትደክሚ። በኮምፒውተር ነው የጻፍሁት፤ ስምም ፊርማም የለበትም። ለአባትሽም ለመምህራኑም «የጻፈው እሱ ነው» ብትያቸው፣ በንዴት ስሜን ልታጠፊ የተነሣሽ ነው የሚመስላቸው።

ዓርብ መናኸሪያ እጠብቃለሁ።

ያው የምታውቂኝ