ለቡላ የጻፍኩት ማመልከቻ

ሐምሌ 23
ዝናብ። ቢሮ ስተይብ ዋልኩ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት እንደገባሁ ከጎረቤት... ጧ! ጧ! ዛሬም ጅራፍ! ጋሪ ነጂው ጋሽ ኢተፋ ናቸው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ፈረሳቸው ቡላ ይቁነጠነጣል፣ ያንኮራፋል። "ቁም! አትነቃነቅ!" ደግሞ ጧ! ሲያዩዋቸው ጨዋ ሰው ይመስላሉ እኮ።

ሐምሌ 25
ለአከራዬ ለእትዬ ሽታዬ ነገርኳቸው። "የሰው ፈረስ ምን አገባሽ? በዚህ ጊዜ አፍሽን ሰብስቢ" አሉኝ። ልሰብስብ? እኔ?

ሐምሌ 26
ተየብኩት! "ድምፁን ማሰማት የማይችል አንድ ጭቁን ፈረስ በየዕለቱ እየተገረፈ ስለሆነ አብዮታዊ እርምጃ..." አጠገቤ የምትሠራው ዙለይካ አንብባ ጮኸች። "እርምጃ የምትለዋን አውጪ! ሰውዬውን ልታስገድያቸው ነው?" ውይ! አወጣኋት። "ተገቢው ክትትል" አልኩ። ለቀበሌው፤ ግልባጭ ለሴቶች ማኅበር፣ ለወጣቶች ማኅበር፣ ለግብርና ጽሕፈት ቤት። ካርቦኑ ከገባ አይቀር ለምን ይባክናል? ስንስቅ ዋልን።

ሐምሌ 29
ወሰዱት። ፈረሱን! "ጉዳዩ እስኪጣራ" ተብሎ ቀበሌ ግቢ ታስሯል። ጥፋት ከተገኘ ለገበሬ ማኅበር ይሰጣል አሉ። ጋሽ ኢተፋ ባዶ ጋሪያቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። "አምስት ልጅ በዚያ ፈረስ ነው የሚበላው" አሉ እትዬ ሽታዬ፣ እኔን እያዩ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር... ለምን ደስ አላለኝም?

ነሐሴ 1
ሄጄ የጋሽ ኢተፋን በር አንኳኳሁ። አሁን! ከክሱ በኋላ! "ኮቱ፣ ግቢ ልጄ" አሉኝ። ይባስ! ማመልከቻው የእኔ መሆኑን ተናዘዝኩ።
"እኔ? ቡላን? በአየር ላይ ነው እኮ የማጮኸው! ቡሄ እየደረሰ አይደል? አምና ልጆቹ ጅራፍ ሲያጮሁ ደንብሮ ከነተሳፋሪው ቦይ ከተተን። እርጉዝ ሴት ጭኜ ነበር። ዘንድሮ ከወዲሁ እያለማመድኩት ነው። ጅራፉ አንዴ ሲጮህ፣ አንድ ቁንጥር ስኳር።"
ስኳር! የራሽኑን! ልጆቻቸው ሻይ በጨው እየጠጡ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።
"መጥተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"
መተየብ ይቀለኛል ልበል?

ነሐሴ 3
ማመልከቻዬን መልሱልኝ ብል የቀበሌው ሊቀመንበር እምቢ አሉ። "አራት ቦታ ደርሷል፣ ጓዲት! ይጣራል እንጂ አይሰረዝም።" ነገ ኮሚቴው ጅራፍ አጩሆ ሊያጣራ ነው። ቡላ ቢደነብርስ? ጋሽ ኢተፋን በገዛ እጄ ገደል ልከታቸው ነው...

ነሐሴ 4
ኪ ኪ ኪ! እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ጅራፉን አንስተው ጧ! አደረጉት። ቡላ ቀጥ ብሎ ሄደና አፍንጫውን ካኪ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ወሸቀ! ሸሹ። ተከተላቸው። "ያዙልኝ!" ማን ይያዝ? ኮሚቴው በሳቅ ፈርሷል። ሌላው ጓድ ሲያጮህ ደግሞ ወደ እሱ ኪስ! ገላውን ፈተሹት፤ አንድ ሰንበር የለም። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። "ሳላጣራ በመክሰሴ..." ስል ቡላ ቦርሳዬን መፈተሽ ጀመረ። ተለቀቀ! ጋሽ ኢተፋ አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ተያይተን ሳቅን።

ነሐሴ 13
ቡሄ! የወሩን ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ወስጄ በጋሽ ኢተፋ ጋሪ ወደ ገበያ ተሳፈርኩ። ልጆች በየጥጉ ጧ! ቡላ ይደነብራል? በጭራሽ። ይቆማል! ዞሮ ስኳሩን ይጠብቃል። ጧ... ቁም። ጧ... ቁም። ተሳፋሪው "ኸረ ይንዱት በማርያም! መሸ እኮ!" ይላል። የጋሽ ኢተፋ ኪስ ባዶ። "አሠለጠንኩት ብዬ አበላሸሁት!" ዘልዬ ወረድኩ። በአንድ እጄ ልጓም፣ በሌላው ስኳር... በጭቃው ውስጥ እየሳብኩ ገበያ አደረስናቸው። ዙለይካ ከመንገድ ዳር አይታኝ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

በእግሬ ስመለስ ከሌላዋ ጎረቤቴ ከእማማ ጉዲቱ ግቢ ውሻ ያላዝናል። ክፉኛ። ቆምኩ። አንኳኳሁ።
"እማማ ጉዲቱ፣ ውሻዎ ምን ሆኖ ነው?"
"እሾህ ወግቶት። ብቻዬን አቃተኝ፤ እስቲ ያዢልኝ።"
ያዝኩላቸው።