ስለ ባለቤቴ ሁለተኛ መርዶ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ አምሀ
የወልቂጤና የቡታጅራ አንድነት እድሮች ኅብረት የመልእክት መሣሪያ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ የተሟላ ጤና፣ በቢሮዎ ጥግ ሰማያዊ መብራቱን እያርገበገበ ለሚኖረው መሣሪያዎም የማይሞላ ሜሞሪ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሰሜን መጥቼ በዚህ አገር ሠላሳ ሰባት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ ብርቄ በአካባቢው የሥጋ ዘመድ ስላልነበረን ዘመዳችን እድራችን ነበር፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከቅርብ ዘመድ እንደመጣ ቆጥረው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

እንደሚያስታውሱት ኅብረቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሃያ ስድስት ዓመት መርዶ በጥሩምባ ሲያሰማ የኖረውን ሰይዶን በምስክር ወረቀት አሰናብቶ፣ ሞታችንን በአንድ ጊዜ ለአራት ሺህ ስልኮች የሚያደርስ መሣሪያ ተክሎልናል። ሰይዶ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። መርዶ ይዞ ከወጣ የመጨረሻውን ደጅ ሳያዳርስ ውኃ እንኳ ቢያቀርቡለት አረፍ አይልም፤ «መምህር፣ ሞት ይዘው አይቀመጡም» ይለኝ ነበር። ይኸው ሕግ በመሣሪያዎም ሆድ ውስጥ እንዳለ በትሕትና ባስረዱኝ ቀን የተሰማኝን ደስታ ልደብቅዎ አልፈልግም። ሆኖም የሚከተሉትን ጥቃቅን ነገሮች ሳላነሣ ባልፍ ለውለታዎ ንፉግ እሆናለሁ።

፩ኛ/ ኅዳር ፲፬ ቀን ጠዋት ብርቄ ስታርፍ መርዶዋ በመሣሪያው ተላከ፣ ለማንም ግን አልደረሰም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ከሰው ለቅሶ ቀርታ የማታውቅ ሴት በአሥራ አንድ ሰው ተቀበረች። ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሰይዶ ከእነርሱ መካከል አልነበረም፤ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሰው ሞት ሲጠብቅ መዋሉን በኋላ እያለቀሰ ነገረኝ።

ለአቤቱታዬ መልስ በወረቀት ላይ ሥዕል ሥለው ያስረዱኝን አልረሳውም። በመሣሪያው እምብርት፣ ከርነል በሚሉት ስፍራ፣ መልእክቶች አንድ በአንድ የሚያልፉበት በር አለ፤ የሚያልፈው ቁልፉን ይይዛል፤ ቁልፍ የያዘ ደግሞ መተኛት አይፈቀድለትም፣ እርሱ ከተኛ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ይቀራልና። ታዲያ ቁልፉን እንደያዘ ለመልእክቱ ማኖሪያ ከሜሞሪው ቦታ ጠይቆ ቢያጣ ሁለት መንገድ ብቻ አለው፦ ወይ ቦታ እስኪገኝ ሁሉን አቁሞ መጠበቅ፣ ወይ መልእክቱን ጥሎ ቁልፉን ለተከታዩ ማስረከብ። እርስዎም ለጠቅላላው ፍጥነት ሲሉ መጣልን መረጡ። በዚያ ጠዋት ሜሞሪውን የሞላው፣ የእድሩን ድስትና አግዳሚ ወንበር የተዋሱ አባላት እንዲመልሱ ለአራት ሺህ ሰው የተላከው ማስታወቂያ መሆኑን አልሸሸጉኝም። በመዝገብዎ ላይ «የተጣለ፦ 1» የሚለውን አሳይተውኝ፣ ከአርባ ሺህ አንድ ብቻ መጣሉ በሙያው የሚያስመሰግን ውጤት ነው አሉኝ። አመሰግናለሁ። ያቺን አንድ ግን እኔ በስሟ አውቃታለሁ።

፪ኛ/ ለሞት ብቻ የሚሆን ጥቂት ቦታ አስቀድሞ ቢከለል ምን ይመስልዎታል ብዬ ብጠይቅ፣ ባዶ ቦታ ይዞ መቀመጥ ብክነት ነው ሲሉ በጨዋነት አረሙኝ። የእድራችን ድንኳን ዓመቱን ሙሉ ተጠቅልሎ መጋዘን ሲቀመጥ አባክናችኋል ያለን ሰው እስከዚያ ቀን አልገጠመኝም ነበር።

፫ኛ/ አቤቱታዬ ልብዎን ነክቶት፣ ከግንቦት ወር ጀምሮ ቁልፍ የያዘው ቦታ እስኪያገኝ እንዲጠብቅ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የሚጣል መልእክት የለም፤ አንዱ ቁልፉን ይዞ ሲያንቀላፋ የአገናው እድርም የመስቃኑ እድርም መርዶ ከኋላው ተሰልፎ እየቆመ፣ ሟቹ ከተቀበረ በኋላ በሥርዓት ይደርሰናል። ቸርነትዎም በዚህ ሳይወሰን፣ ከዚህ ቀደም የተጣለውን ከመዝገብ አንሥተው እንደገና ላኩት።

በዚህ መሠረት ሐምሌ ፲፯ ቀን ጠዋት፣ ብርቄን በቀበርኩ በስምንተኛው ወር፣ ስልኬ ላይ «ወ/ሮ ብርቄ ዛሬ ስላረፉ ቀብራቸው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል» የሚል መልእክት ገባ። ክቡር ሆይ፣ እኔ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ፤ አፈሩን በእጄ መልሻለሁ። ነገር ግን መነጽሬን አውልቄ ወደ ጓዳ ገባሁ። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው። ቢሆንም ትራሱን ነካሁት።

ከዚያ ሰው መጣ። በኅዳር የቀረብኝ ሰው ሁሉ ጥቁሩን ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢዬን ሞላው፤ እኔም አይ፣ ይህ የቆየ ነው የምልበት አንደበት አጥቼ ወንበር አወጣሁ። እኩለ ቀን ላይ ከቡታጅራ ከድጄ ደረሰች። ከድጄ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ለብርቄ ከእህት በላይ የሆነችላት፣ ያንን መርዶ ከሁሉ በፊት መስማት የነበረባት ሴት። በኅዳር ስትቀር፣ ሰምታ የቀረች መስሎኝ ስሟን ከቤቴ አስወጥቼ ነበር። «ኢና ሊላሂ» ብላ እግሬ ሥር ቁጭ አለች፤ «ጋሼ፣ ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ የተቀየመችኝ መስሎኝ» እያለች ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

እርስዎም በዚህ መካከል ስሕተትዎን ደርሰውበት ኖሮ፣ «ወ/ሮ ብርቄ ዛሬ አርፈዋል ተብሎ የተላለፈው መልእክት ስሕተት ስለሆነ ኅብረቱ ይቅርታ ይጠይቃል» የሚል ማስተካከያ ላኩ። ያለወትሮው በሰዓቱ ደረሰ። ከድጄ አነበበችው። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብድግ ብላ፣ ፊቷ እንደ ልጃገረድ ፊት በርቶ፣ ወደ ጓዳው በር እያየች «ጋሼ፣ አለች እንዴ?» አለችኝ።

የሰይዶን ሕግ ያን ጊዜ ተረዳሁት። እንደቆምኩ ነገርኳት።

ለእርስዎ የጣሉት አንድ መልእክት ነው፤ እኔና ከድጄ ግን አንዲት ሴት የምታፈቅራቸው ሁለት ሰዎች ሳለን፣ በሰጡን ስምንት ወር ያለ በደላችን ተቀያይመን ኖርን። ስለዚህ ውለታ በሕይወት እስካለሁ አመሰግንዎታለሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ መሣሪያዎን ማድከም አያስፈልግም፤ ሰይዶን አነጋግሬዋለሁ፣ ጥሩምባውን ወልውሎ አስቀምጧል።

ከዘመዶችዎ አንዱ የመሆን ክብር የነበረኝ፣ ዘወትር ታዛዥዎና ባለዕዳዎ፣
መምህር ገብረእግዚአብሔር
ነሐሴ ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ወልቂጤ

የተረሳ፦ ኅዳር ፲፬ ቀን ስለ ድስቶቹ የላኩት ማስታወቂያ በደህና ደርሶኝ ነበር። ከአስከሬኗ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩት። እኛ ድስት አልተዋስንም።