ሦስት ዓመት ዘግይቶ ስለ ተመዘገበው ማዕበል

ለራስ ዓዴ ከተማ ማዘጋጃ ቤት
የቅርስ ክፍል ኃላፊ

ቀን፦ ማርች 12 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ በወደቡ መብራት ማማ ሥር በቆመው ድንጋይ ላይ የማዕበሉ ዓመት እንዲታረምልኝ ስለ መጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. አያቴ በዚህ ዳርቻ መጀመሪያ ከሰፈሩት ሰባት አባወራዎች አንዱ ነበሩ። ስማቸው በድንጋዩ ላይ በትክክል ስለ ተቀረጸ አላህ ይስጥልኝ። ቅሬታዬ ከስማቸው በታች ባለው መስመር ላይ ነው። ጀልባ አንሥቶ መስጊዱ ጣሪያ ላይ የሰቀለው ማዕበል የመጣው በ1938 ሲሆን፣ ድንጋዩ 1941 ይላል።

2. እንደሚያውቁት በከተማችን የልደት ወረቀት ያለው ሰው ብርቅ ነው፤ ዕድሜ የምንቆጥረው ከማዕበሉ ነው። እኔ የተወለድኩት በዚያው ዕለት ስለሆነ፣ ማዕበሉ ሲዘገይ እኔም አብሬ ዘገየሁ።

3. ጎረቤቴ ሰመተር ግን አባቱ የወደብ ጸሐፊ ስለ ነበሩ 1939 የሚል ወረቀት አለው። በሰፈራችን ሸንጎ ቀድሞ የሚናገረው በዕድሜ ታላቁ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምጀምረው እኔ ነበርኩ። ድንጋዩ በቆመ ማግስት ሰመተር ወረቀቱን በላስቲክ አስለብሶ መጣና፣ «አንተ ልጅ፣ ታላቅህ ሳይናገር ምን ያቀብጥሃል?» አለኝ። ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። አሁን እሱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሰዉ ለምሳ ተነሥቶ ይሄዳል።

4. ስሕተቱ የመሥሪያ ቤትዎ አይደለም። የሰፈሩን ታሪክ ሊመዘግብ ለመጣው ሠራተኛዎ 1941 ብዬ የነገርኩት እኔው ነኝ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ደሃቦ አጠገባችን ዓሣ ሲመርጡ ይሰሙን ስለ ነበር፣ ሦስት ዓመት ብቀንስ ማን ይጎዳል ብዬ ነው። ድንጋይ ላይ ይቀረጻል ብዬ መች አሰብኩ።

ወይዘሮ ደሃቦም የተወለዱት ማዕበሉ ካለፈ በሰባተኛው ዓመት በመሆኑ፣ እርሳቸውም ሦስት ዓመት አተረፉ። ሽማግሌ ልኬባቸው እሺ ብለውኛል። አቤቱታ ልጽፍ መሆኔን ሲሰሙ ግን «ድንጋዩን ካስነካህ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለው ላኩብኝ።

ስለዚህ በገበያው በኩል ያለው የድንጋዩ ፊት እንዳለ ሆኖ፣ ወንዶች በምንቀመጥበት በሸንጎው በኩል ባለው ጀርባው ላይ 1938 ተብሎ እንዲቀረጽልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ወይዘሮ ደሃቦ በዚያ በኩል አያልፉም።

ኒካሑ የፊታችን ዓርብ ነው። መልሱን በጽሑፍ ባይልኩልኝ እመርጣለሁ፤ ከዓርብ በኋላ በቤቴ ደብዳቤ የሚከፍቱት እርሳቸው ናቸው።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ዋርፋ ሽሬ
(ፊርማ)