ለማን እንደተሰፋ ያላወቅሁት ቀሚስ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ ደረጃውን አሸነፈው ወይስ አሁንም እየተማከራችሁ ነው የምትወጡት? እኛ ደህና ነን። ትንሿ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ አፏ ግን አርባ ነው። እኔም አለሁ። «አለሁ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ትልቋን ልጄን ከቀበርን አሥራ አራት ወር ሆነ።

እጄ ዘገምተኛ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነው። ግን ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የጀመረው ባለቤቴ ነው። አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «ለምን የሚያምሩብሽ ሦስት አራት ልብሶች አይኖሩሽም? ቤት የምትውል ሴት ለራሷ አትልበስ ያለው ማን ነው?» አለኝ። ቁምሳጥኑን ከፍቼ አየሁ። እውነቱን ነው፤ የኔ የምለው ከእሱ የወረስኩት ሹራብና ጉልበቱ የሳሳ ሱሪ ነው። ግን እትዬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን እንደለበስኩ አይቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ ዓይን ከየት አመጣ? ወንድ ስለ ሚስቱ ልብስ ማሰብ ከጀመረ የሌላ ሴት ልብስ አይቷል ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከመንገድ ማዶ ወዳለችው ልብስ ሰፊ የላከኝም እሱ ነው። ትልቋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ እየተቀመጠች ስፌት ትማር ስለነበር፣ እኔ ያንን ደጃፍ ከረገጥኩ ቆይቻለሁ። ሴትዮዋ ያለፈውን አላነሳችም። መስታወት ፊት አቁማ ጨርቅ አገጬ ሥር እያስጠጋች፣ «ግራጫው ፊትሽን ያጠወልገዋል፤ የሸክላ ቀለም ያፈካሻል። አንገቱ ከፈት ይበል፣ እጅጌው ዕቃ ስታጥቢ የሚሰበሰብ ይሁን» አለች። ሁለት ጉርድ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚሄድ፤ ከዚያ ያለፈው ጣጣ ነው አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ አሳፈረኝ።

ማክሰኞ ሸሚዙን ልለካ ስሄድ ባለቤቴ እዚያ ቆሟል። በሥራ ሰዓት! ሴትዮዋ ስታየኝ የጓዳዋን መጋረጃ ሳበች። «አዝራር ተበጥሶብኝ ነው» አለ እሱ። አንድ በአንድ ቆጠርኩለት፤ ሁሉም ቦታው ላይ ነው።

ሐሙስ ሴትዮዋ ስልክ ልታነሳ ስትወጣ የጓዳዋን መጋረጃ ገለጥ አደረግሁ። እኔ ያላዘዝኩት የሸክላ ቀለም ቀሚስ ተሰቅሏል። በጣም ያምራል። ደረቴ ላይ አድርጌ ለካሁት፤ ወገቡ ሁለት ጭብጥ ይተርፋል። የጠገበች፣ እንቅልፍ የማይነሳት ሴት ቀሚስ ነው። የኔ አይደለም።

እራት ላይ፣ «ወፍራሟ ደህና ናት?» አልኩት።

«የቷ ወፍራም?» አለኝ።

«ቀሚስ የምታሰፋላት!»

ትንሿ፣ «አባዬ ምስጢር አለው» ብላ ቁጭ። እኔ ሊጮህብኝ ነው ስል እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ነገ አብረን እንሂድ» አለኝ።

ሄድን። ሴትዮዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት ቅዱን የሚስሉበት ዓይነት ነው። በእርሳስ «የእማዬ ወገብ» ይላል፣ ከጎኑ ቁጥር አለ። የማን ጽሕፈት እንደሆነ አልጽፍልሽም። ወንበር አምጡልኝ አልኩ።

«የለካችሽ በክር ነው» አለችኝ ሴትዮዋ። «ከኋላሽ እያቀፈችሽ። ክሩን መዳፏ ውስጥ ደብቃ እየሮጠች ታመጣልኝ ነበር።»

እኔ ደግሞ ያኔ «ልቀቂኝ፣ ሥራ አለብኝ» እላት ነበር።

ልጄ ሳትሰፋው የቀረችውን ቀሚስ ሴትዮዋ ከወረቀቱ ቆርጣ የሰፋችው ባለቤቴ ለምኗት ነው። እሱ ሊነግረኝ ፈርቶ ኖሯል። የዛሬውን ልኬን እያወቀች ለምን በድሮው እንደቆረጠች ብጠይቃት፣ «መስመሩን ላርም ስል እጄ እምቢ አለኝ» አለች። ከዚያ መርፌ አንስታ፣ «አሁን ላጥብበው?» ስትለኝ እጇን ያዝኩ። ተዪው አልኳት።

ባለቤቴን ገና ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ግን ትናንት ከእሱ ጋር ሁለት ጊዜ ማዕድ ቀረብኩ፤ ዛሬም ሳይለምነኝ ቁርስ በላሁ። እስክትመጪ ድረስ ወገቡ ይሞላልኝ ይሆናል።

የልጆችሽን ሳቅ ከቤትሽ አያጉድልብሽ። እናታችንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እየበላች ነው በያት።

ታናሽሽ